ድልድዩ የተመዘነ ቀን

አሸዋ የጫኑት አራት መኪኖች ከአዲሱ ድልድይ ሲወርዱ፣ ከሥሩ የተንበረከከችው የመንገዶች ባለሥልጣን መሐንዲስ ዓይኗን ከድልድዩ ሆድ ጋር በተያያዘው የመጉበጥ መለኪያ ላይ ተከለች። መኪኖቹ እያንዳንዳቸው ተራራ ያክሉ ነበር፤ ድልድዩም በክብደታቸው ጎብጧል። አሁን የመለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ከተመለሰች ድልድዩ ቀና ብሏል ማለት ነው፤ መንገዱም ዛሬውኑ ይከፈታል። ካልተመለሰች ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ወንዙን ሲዞር የኖረ ሕዝብ አሁንም ሊዞር ነው።

መርፌዋ ስትንደረደር መጥታ ሁለት መስመር ሲቀራት ቀጥ አለች። ይባስ ብላ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። መሐንዲሷ መስታወቱን በጥፍሯ ቆረቆረችው፤ መርፌዋ እቴ! እንደሷ ያለ ግትር ብረት ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ አልተሠራም።

«ጋሼ፣ ድልድዩ ባዶ ነው?» ብላ ወደ ላይ ጮኸች።

«አንድም መኪና የለበትም!» አሉ ከላይ ድልድዩን የሚጠብቁት ፎርማን።

«መኪናውን ተዉት፤ ሌላስ?»

«ሰው ብቻ ነው ልጄ። መኪኖቹ ሲወርዱ ጥሰውኝ ገቡ፤ ብቻዬን ምን ላድርግ!»

ሮጣ ወጣች። አገር ምድሩ ድልድዩ ላይ ነበር፤ አልጋ የተሸከመው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ አራስ ያቀፈችው። አንዲት አሮጊት ብረቱን በከዘራቸው እየመቱ፣ «ጠንካራ ነው፤ እኔ ፈትሼዋለሁ» አሏት።

«እማማ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ውረዱልኝ» ብላ ለመነቻቸው። ሕዝቡ እያጉረመረመ ወረደ። እሷም ተመልሳ ከሥር ተንበረከከች፤ መርፌዋ ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች ዜሮ ላይ ጋደም አለች። መሐንዲሷ ሰባት መንደር በሚሰማ ድምፅ ጮኸች፦

«እማማ፣ ይመለሱ! ሁሉንም ይዘው ይመለሱ!»