የንግሥቲቱ አማካሪ

ሙሚና በከሚሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ከአዲሱ መጽሐፏ የመጨረሻውን ገጽ አንብባ ስትጨርስ፣ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛዋ አፍናን ግን እጇን ከሻሿ ሥር አላወጣችም። መጽሐፉ የሚተርከውን፣ ከአገሯ ተባርራ በበረሃ የምትንከራተተውን የወጣቷን ንግሥት ታሪክ ሁለቱ ከተማሪነታቸው ጀምሮ በወሬ አብረው ያሳደጉት ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ግን አንድ ብቻ ነው።

ከሰንበቴ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ እጃቸውን አወጡ። «ማሻአላህ፣ ልጄ። ግን ይቺ ልጅ አባት የላት፣ ጦር የላት፤ ዙፋኗን ብታስመልስ እንኳ አገር ብቻዋን መግዛት ትችላለች?»

ሙሚና ልትመልስ አፏን ስትከፍት አፍናን ሳታስበው ብድግ አለች። «አትችልም! አማካሪዋ ባትኖር ኖሮ ገና ድንበሩን ሳትሻገር በውሃ ጥም ትሞት ነበር። ምክሩ ሁሉ የአማካሪዋ ነው፤ ዘውዱን የምትደፋው ግን እሷ ናት!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አፍናን፣ ሙሚና ተቆጥታ እንድታዋርዳት ተመኘች፤ ያኔ ለቅናቷ ምክንያት ታገኝለት ነበር።

ሙሚና ግን አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳብ አድርጋ፣ «ወላሂ እውነቷን ነው፤ አማካሪዋን የፈጠረቻት እሷ ናት። ኮቱ አፍናን፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለች። ጭብጨባው እንደገና ተነሣ፤ ይሄኛው ለአፍናን ነበር። እሷ ግን ፊቷ እሳት እንደላሰው ቀልቶ ወደ ወንበሩ ስትራመድ፣ ምነው ይህን ቸርነት እንኳ እኔ ቀድሜያት ባደረግሁት ብላ ቀናች።