ሞርሳ የማይዘው በርጩማ

አናጢው የክቡን በርጩማ እግሮች ኮላ ቀብቶ ሰካቸው፤ አጥብቆ የሚይዝለት ሞርሳ ግን ጠፋ። ትልቁ ይንሸራተታል፣ ትንሹ አይደርስም። ኮላው እንዳይደርቅበት ሲንቆራጠጥ ጎረቤቱ ጋሽ ስንሻው ብቅ አሉ። እኚህ ወፍራም ጡረተኛ ሾፌር ጨዋታ ከጀመሩ መነሳት አያውቁም።

«አረፍ ይበሉ እንጂ» አለና በርጩማውን አስጠጋላቸው። «ያ የሊማሊሞ ጉዞዎ እንዴት ነበር?»

ሽማግሌው ጠመዝማዛውን ሁሉ አንድ በአንድ ወረዱት። አናጢው ሳቁን እየዋጠ ሳንቃ መላጉን ቀጠለ። ለምሳ ሲነሱ ኮላው ድንጋይ ሆኗል።

«ነገም ብቅ ይበሉ፤ ጨዋታዎ አይጠገብም» አላቸው።

ጋሽ ስንሻው በርጩማውን ነቅነቅ አድርገው ሞከሩት።

«ነገ እንኳ አይመቸኝም» አሉ። «ከማዶው አናጢ ጋር ቀጠሮ አለኝ፤ አልጋ ስለሚያጣብቅ ልተኛለት ነው።»