ቀዳዳውን የወተፈችው እጅ

"ውጣ ከቤቴ! እናትህን ልትገድላት ነበር እኮ!"

አባትየው ነው የሚጮኸው...

ታላቅ ልጁ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። ሙያው የቤት ማሞቂያ ምድጃ መግጠም ነው። የዚህን ቤት ምድጃም የገጠመው እሱ ራሱ ነው።

እናትየው ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለች ራሷን ስታ ተገኝታ፣ ሐኪም ቤት ናት።

"ምድጃው ያለበት ክፍል ታፍኖ ነው። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር" ብሏል ሐኪሙ።

"አባባ፣ እኔ እኮ..." ብሎ ጀመረ ልጁ።

ድንገት ዓይኑ ጥግ ላይ ወደቆመችው ታናሽ እህቱ ሄደ... ከዚያ አቀረቀረ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለና ወጣ።

እህትየው እስከ በሩ ተከተለችው... ከዚያ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ምድጃው የሚነድባት ክፍል ከእናትየው መኝታ ጎን ያለች፣ እንደ ቁም ሳጥን የጠበበች ናት። ወንድምየው ሲገጥመው የክፍሏን የውጪ ግድግዳ ሁለት ቦታ በሳው፤ አንዱን ከወለሉ አጠገብ፣ አንዱን ከጣሪያው ሥር።

"ምነው ልጄ፣ ግድግዳዬን ወንፊት አደረግከው?" አለች እናቱ።

"እማዬ፣ እሳትም እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር ካጣ መርዙን እናንተ ላይ ነው የሚተፋው። ሽታ የለው፣ ጭስ የለው... ሳታውቁት ይወስዳችኋል።"

እናትየው ስቃ አለፈችው። እህትየው ያን ቀን ኮሌጅ ስለነበረች አልሰማችም።

ብርዱ ሲገባ እናቷ ማማረር ጀመረች።

"ኧረ ይሄ ንፋስ ቁርጭምጭሚቴን ጨረሰው!"

እህትየው ወንድሟን ልትጠይቀው አሰበች። ግን ደክሞት ነው የሚመጣው... እንዴት ላስቸግረው አለች። ውሃ አቀብሉኝ ለማለት እንኳ የምታፍር ልጅ ናት።

አሮጌ ሹራቧን ለሁለት ቀደደችና ሁለቱንም ቀዳዳዎች ጥቅጥቅ አድርጋ ወተፈች።

"ተመስገን፣ ዛሬስ ሞቀኝ" አለች እናቷ፣ የልጇን ሥራ ሳታውቅ።

በማግስቱ ነው ራሷን የሳተችው...

እናትየው ድና ተመለሰች። ወንድምየው ግን አልተመለሰም።

እህትየው "ዛሬ ለአባባ እነግረዋለሁ... ነገ እነግረዋለሁ" እያለች ዓመታት አለፉ። ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ ስብሰባ መምራት ጀመረች። አባቷ ፊት ስትቀርብ ግን ስለ ሌላ ነገር አውርታ ትወጣለች።

አባትየውም የልጁ ነገር ከተነሳ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ቀን በድንገት ሞተ...

ወንድምየው አባቱን የቀበረው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነው።

ከቀብሩ በኋላ እህትየው ወደ ወንድሟ ሥራ ቦታ ሄደች። ቧንቧ እየቆረጠ አገኘችው።

"ጋሼ... ቀዳዳዎቹን የወተፍኳቸው እኔ ነኝ።"

መጋዙን አስቀመጠ። አልደነገጠም። አልተቆጣም።

"አውቃለሁ" አላት።

"ምን?!"

"ያን ቀን ቤቱን ላናፍስ ስሮጥ ሹራቡን መዝዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነ ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?!"

"የአባባን ቁጣ ታውቂዋለሽ። እኔ ሙያ አለኝ፣ የትም እኖራለሁ። አንቺ ያኔ የት ትሄጃለሽ?"

እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዛት።

"እኔ ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ እህቴ... ግን ብርዱ በመጣ ቁጥር 'ዘንድሮ እንኳ ትነግረዋለች' እያልኩ እጠብቅሽ ነበር። ለእኔ ብዬ አይደለም። አባባ በልጁ እንዳዘነ እንዳይሞት ብዬ ነው።"



ቤት ስትመለስ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። እናትየው ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ...

"አባትሽ እኮ በር በተንኳኳ ቁጥር 'እሱ ነው?' ይለኝ ነበር" አለቻት።

ወገኖቼ...

ከምድጃችሁ ክፍል ንፋስ ቢገባ አየር መግቢያውን አትድፈኑት፤ የገጠመውን ሰው ጠርታችሁ ጠይቁት። መጠየቅ አያሳፍርም።

ይሉኝታ ጨዋነት ይመስለናል። የሌላ ሰው ስም እየጠፋ የምንይዘው ይሉኝታ ግን ጨዋነት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ስንደፍር፣ መስማት የነበረበት ሰው ላይኖር ይችላል።

እናንተ ወንድምየውን ብትሆኑ ለእህታችሁ ስትሉ ዝም ትሉ ነበር? ወይስ ለአባታችሁ ስትሉ እውነቱን ትናገሩ ነበር? እስኪ ከልባችሁ ጻፉልኝ...