ጨው የበዛበት ምስር

“ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከጆሮው ጀርባ ማረጋጊያ መሣሪያ ሳይገጠምለት ቤት ውስጥ ማስተማር ተከልክሏል፤ ያውቃሉ አይደል?” አለችኝ ከትምህርት ቢሮ የመጣችው ተቆጣጣሪ።

“አውቃለሁ። ግቢ፣ ምሳ ደርሷል።”

ለሁለቱ ልጆቼ ምስር ወጥ አቀረብኩ። ለካ በጥድፊያ ጨው ሁለቴ ጨምሬበታለሁ! ታናሿ ሐመልማል ገና ስትቀምሰው ጮኸች፤ ሳህኑን ገፍታ ጠረጴዛው ስር ገባች።

“ይኸው! ማረጋጊያ ቢኖራት እንዲህ ትሆን ነበር?” አለች ተቆጣጣሪዋ።

እኔ ግን አምና ማረጋጊያው የተገጠመለትን ታላቅ ወንድሟን ኢዮስያስን እያየሁ ነበር። ድሮ ሽንኩርት ያየበትን ምግብ የማይነካው ልጄ ሳህኑን ጠርጎ በልቶ ውሃውን ይጨልጣል።

“እንዴት ነው ኢዮስዬ?”

“ጥሩ ነው፣ እማዬ።” ውሃ ደግሞ ቀዳ።

“ቅመሺው” አልኳት ተቆጣጣሪዋን። አንድ ጊዜ ጎርሳ ፊቷ ተጨማደደ፤ ከዚያ ቀና ብላ ልጁን አየችው።

“እሱን ሰጥቻችኋለሁ” አልኳት። “ እሷን ግን አልሰጥም! ሂጂና እንዲህ አለች በያቸው።”

ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ስር ገባሁ።

“ልክ ነሽ፣ ሐመልዬ፤ ጨው በዝቶበታል። ስንት ኩባያ ውሃ እንደሚበቃው ነይ አብረን እናስላ።”