ቀጭኑ የውሃ ልብስ

ጣና ባሕር ዳርን ካጥለቀለቀ ወዲህ የጎማ ልብስ ሳይለብሱ ታንኳ መቅዘፍ ተከልክሏል፤ ውሃው እንደ በረዶ ነው። እንዬ ሕፃን ልጇን ማስተዋልን ቤዛዊት ተራራ ላይ ወዳለው ሆስፒታል ለመውሰድ ልብስ ልትገዛ ሄደች።

ነጋዴው ጋሽ ንብረት ወፍራሙን ሰጣት። ለብሳው ልጇን አዘለች።

«ትንፋሿ አይሰማኝም» አለች።

«ልጄ፣ ሙቀት የሚይዘው ውፍረቱ እኮ ነው። ብትገለበጪ ነፍስሽን ያተርፋል። ሕፃናቱን ሰው ሁሉ ታንኳው ላይ በሚቀመጥ ሳጥን ነው የሚወስዳቸው።»

«እንቅልፍ ሲወስዳት ትንፋሿ ይቆማል፣ ጋሼ። ሳጥን ውስጥ ብትሆን በምን አውቃለሁ? ቀጭኑን ይስጡኝ።»

ቀጭኑን ለብሳ ወጣች። መንገዷን ስታጋምስ ጣቶቿ ደንዝዘው ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ድንገት ጀርባዋ ላይ ከፍ ዝቅ ይል የነበረው ትንሽ ደረት ቀጥ አለ። መቅዘፊያውን ታንኳው ውስጥ ጥላ ልጇን ወደ ፊቷ አዞረቻት። እግሯን ቆነጠጠቻት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ማስተዋል ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ጮኻ አለቀሰች።

«አልቅሺ፣ የኔ እናት፣ አልቅሺ» እያለች እንዬ መልሳ አዘለቻትና መቅዘፊያውን አነሳች።