ያልበራው የዓይን ቆብ

ወይዘሮ አትክልት የዘመኑን የዓይን ቆብ በኦፕሬሽን ባስገጠሙ በሳምንቱ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። የእንግዳዋ ወሬ አላልቅ ሲላቸው አትክልት እንደ ድሯቸው የተኙ መስለው ሊሸኟቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዲሱ ቆብ ሰው የምሩን ሲተኛ ብቻ ሰማያዊ ብርሃን እንደሚያበራ ዘንግተውታል።

«አትድከሚ እቴ፣ አልበራም!» አሉ ደብሪቱ።

አትክልት አፍረው ዓይናቸውን ገለጡ። «ስፌቱ አሳክኮኝ እኮ ነው።»

«እኔስ የተገጠመልኝ ጊዜ ጨፍኜልሽ አልነበር? አለመብራቱን እያየሽ የልጅሽን ሰርግ ከሽምግልናው እስከ ቅልቅሉ አንድ ሳታስቀሪ አወራሽኝ።» ደብሪቱ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተደላደሉ። «በይ፣ የእኔዋም ልጅ ተድራለች። ከሽማግሌዎቹ አመጣጥ ልጀምርልሽ።»