የፀጉር አስተካካዩ ተራ

የሥልጠናው ሕግ አንድ ነበር፦ ማርከር የያዘ ሰው የሌላውን ሐሳብ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጽፋል እንጂ አይከራከርም። የከተማቸውን ፕላን አብረው ለማውጣት የሚሠለጥኑት ጎረቤታሞች፣ ወሬ የማያልቅበትን ፀጉር አስተካካይ እየሳቁ ወደ ሰሌዳው ገፉት። «ዛሬ ገና ጉድህ ፈላ!» አለው ዳቦ ጋጋሪው።

ልብስ ሰፊዋ ግን ሳትስቅ ተነሣች። «የአውቶቡስ ማቆሚያው ፀጉር ቤቱ ያለበት ቦታ ላይ ይሁን» አለች፣ የፀጉር አስተካካዩን ዓይን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየች። «አሮጊቶቹ እስከ አሁኑ ማቆሚያ ያለውን ዳገት አልቻሉትም።» እሱ ግን ያለችውን ቃል በቃል ጻፈ፤ «ፀጉር ቤቱ» የሚለው ላይ ብቻ ፊደሎቹ ተንጋደዱበት።

ሲጨርስ ማርከሩን ዘረጋላት። «እንኪ እህቴ፣ አሁን ተራው የኔ ነው። አንቺ ጻፊ።» ሁሉም ጭቅጭቅ ሲጠብቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማቆሚያው ጥላ ይኑረው። ከጥላው ሥር ደግሞ ለፀጉር አስተካካይ አንድ ወንበርና መስታወት ይቀመጥ።» ልብስ ሰፊዋ ጻፈች። «መስታወት» ከሚለው በፊት ግን እሱ ያላለውን «ትልቅ» የሚል ቃል አስገባች። አሠልጣኙም አይቶ እንዳላየ አለፋት።